በጣት የሚነበብ ስም

ጓደኛችን በሞተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሐዘናችን በሥራ የምንሸሽ መስሎን፣ ለአርባው የምንለብሰውን ቲሸርት ለማሳተም ተነሣን። ከፊት ፎቶግራፉ፣ ከሥሩ ስሙ። ወቅቱ የ2016 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ሰበታ ጭጋጓን ተከናንባ፣ መንገዶቿም ጭቃ ለብሰው ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ወጣት ምርጫዎቹን በትዕግሥት ዘረዘረልን። ስክሪን የሚሉት፣ ቀለሙን በወንፊት ላይ በጎማ እየገፉ ጨርቁ ላይ የሚያሳርፉበት ነው። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ስለሚሻ ለጥቂት ልብስ አያዋጣም። ሰብሊሜሽን ደግሞ ቀለሙን በ200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አትንኖ ወደ ፖሊስተር ክር ያሰርጋል። ጥጥ ግን አይዝለትም፤ በጥቁር ጨርቅ ላይም አይታይም። እኛ የፈለግነው ጥቁር ጥጥ ነበር። ስለዚህ በፊልም ላይ ታትሞ፣ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት፣ በሙቀት የሚለጠፈውን መረጥን። ፎቶግራፉ አምሮ ወጣ። የሚስቅ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያውን ይዘን ወደ እናቱ ሄድን። እማማ በልጅነታቸው ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማሩ፣ ብሬል የሚያነቡ ሴት ናቸው። ቲሸርቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ፎቶግራፉ ለስላሳ ነበር፤ ስሙም እንዲሁ።

«እዚህ ላይ ነው ያለው?» አሉ። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ሁሉ ስናማርጥ ዋጋውን፣ ጨርቁንና ቀለሙን ጠይቀናል። ማን እንደሚያነበው ግን አልጠየቅንም።

ወደ ወጣቱ ተመለስን። ሲሞቅ እንደ ሊጥ የሚነፋ ቀለም መኖሩን ነገረን፤ ሆኖም ለአንድ ልብስ ብቻ ወንፊት ማዘጋጀት እንደማያዋጣ፣ ጥቃቅን ነጥቦችም ሲነፉ እርስ በርስ ሊዋጡ እንደሚችሉ አልሸሸገንም። በመጨረሻ የሀበሻ ቀሚስ ወደምትጠልፍ ጎረቤታችን ሄድን። አንድ የብሬል መምህር ስሙን በወረቀት ላይ ወጋልን፤ እርሷም ነጥቦቹን አንድ በአንድ በክር ቋጠረቻቸው። ያምር ብላ ከወረቀቱ ሦስት እጥፍ አጎላችው።

እማማ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ግራ ቀኝ ፈለጉ። ከዚያ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ልጆቼ፣ ልጄን ከመጠን በላይ አሳደጋችሁብኝ። በአንድ ጣት አልይዘው አልኩ።»

ለካ በብሬል የአንድ ፊደል ነጥቦች የሚራራቁት በሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ፊደሉ ከጣት ጫፍ ካለፈ አይነበብም። ጎረቤታችን ሌሊቱን ፈትታ እንደ ገና ቋጠረችው።

በአርባው ዕለት ሁላችንም ፎቶግራፉን ለብሰን ቆምን፤ ሰውም እያየን አለቀሰ። እማማ ከነጠላቸው ሥር፣ በቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት፣ ደረታቸው ላይ አንድ ነገር ደጋግመው ያነቡ ነበር።

የእኔ ቲሸርት ብዙ ጊዜ ታጥቧል። ፎቶግራፉ ከከንፈሩ ጫፍ ጀምሮ መሰነጣጠቅ ይዟል። ባለፈው እሑድ እማማን ልጠይቅ ሄጄ ስለ እርሳቸው ቲሸርት ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ቋጠሮዎቹ ላይ አኖሩልኝ። ማንበብ አልችልም፤ ሁሉም ግን እንዳሉ ነበሩ።