ባለቤቴ እንዳያየው የደበቅሁት ቁስል

ይህን የምጽፈው ስለ ካንሰር ትምህርት ለመስጠት አይደለም፤ ያንን ሐኪሞች ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እኔ የምነግራችሁ ብዙ ጊዜ ስለማይወራ ነገር፣ ስለ ቆዳ ነው። የጡት ካንሰር ይዟት ጨረር የታዘዘላት እህት ካለች፣ ወይም አንተ ወንድሜ ሚስትህን በየጠዋቱ ወደ ጨረር ክፍል የምታደርስ ከሆንህ፣ እባክህ ጥቂት ታገሠኝ።

የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና የወጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኬሞውን ወሰድሁ። ፀጉሬ ሲረግፍ ምእመኑ ሁሉ አወቀልኝ፤ ሻሽ የገዛልኝ፣ ሾርባ ያመጣልኝ ብዙ ነው፤ ጌታ ይባርካቸው። በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጨረሩን ስጀምር ግን እኔም ጭምር «ዋናው አልፏል» ብለን ነበር። ጨረር ደግሞ አይታይም፣ ሲሰጥም አያምም። ጠረጴዛው ላይ ትተኛላችሁ፣ ክንዳችሁን ወደ ላይ ታነሣላችሁ፣ ማሽኑ ጥቂት ይጮኻል፣ ከዚያ «ልበሱ» ትባላላችሁ። ለእኔ የታዘዘው 25 ጊዜ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት፣ በጠቅላላው 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው)። 40 ግሬይ በ15 ቀን ተከፍሎ የሚሰጣቸው ብዙ ናቸው፤ በእንግሊዝ አገርማ በ2020 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት ወዲህ በአምስት ቀን ብቻ የሚጨርሱ አሉ። ስለዚህ የእናንተ ቀን ከእኔ ቢያንስ አትደንግጡ፤ ተበደልሁም አትበሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አልነበረም። ያስቸገረኝ ነገር ቢኖር ደረቴ ላይ የተሠመረው ቀለም ነው። ጨረሩ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርጉት በዚያ ምልክት ስለሆነ ታሽቶ መጥፋት የለበትም፤ እርሱ ግን ነጫጭ ልብሴን ሁሉ አበላሸ። አሮጌ ልብስ አዘጋጁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማሳከክ ጀመረ። የተሰጠኝ ወረቀት «ቆዳ ይቀላል» ይል ነበር፤ እኔም በየማታው በመስታወት መቅላቱን እጠብቅ ነበር። አልቀላም። ጠቆረ። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ የጨረር ቃጠሎ ብዙ ጊዜ በመጥቆር፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላ ቀለም ነው የሚታየው። ነርሷ «ቀልቷል?» ስትለኝ «አልቀላም» እላለሁ፤ እርሷም ትጽፋለች፤ በዚህ መካከል ቆዳዬ እየሳሳ ነው። እህቴ ሆይ፣ ቀለሙን አትጠብቂ። ያሳክከኛል፣ ይሞቀኛል፣ ይወጥረኛል ብለሽ ንገሪያቸው፤ ልብስሽንም ገልጠሽ አሳያቸው።

ነገሩ ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ በኋላ ገባኝ። ቆዳ ላዩ እየተራገፈ ከሥሩ በአዲስ ይተካል። ጨረሩ ያንን የሥሩን ክፍል ስለሚመታው መተካቱ ይዘገያል፤ ላዩ ሲያልቅ ከታች የሚወጣ አዲስ አይገኝም። ጉዳቱ የተጠራቀመ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ በመጨረሻውም ቀን አያቆምም።

ከዚያ የመድኃኒቱ ዓይነት በዛ። እናቴ ከገጠር ቅቤ ይዛ መጣች። ጎረቤቴ እሬት ቆርጣ አመጣች። አንዲት ዘመዳችን ወይባ ብትሞቂ ይሻልሻል አለችኝ። ነርሷን ስጠይቃት ደነገጠች፤ በጨረር የተጎዳ ቆዳ ላይ ሙቀትና ጭስ መጨመር ቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ነው፤ ቅቤም በሳሳ ቆዳ ላይ ለጀርም መንገድ ይከፍታል። እናቴን ላለማስቀየም ቅቤውን ለዶሮ ወጥ አዋልሁት። እርሷ ግን እየተቀባሁ መስሏት ደስ ብሏት ተመለሰች፤ ይህን ከዚህ መጽሔት ካነበበች ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

የታዘዝሁት ቀላል ነገር ነበር። ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና በእጅ ብቻ መታጠብ፤ ሳያሹ በለስላሳ አሮጌ ነጠላ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፤ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት በስሱ መቀባት፣ ወደ ማሽኑ ሊገቡ ሲሉ ግን አለመቀባት። ሽቶ፣ አልኮል፣ የብብት ምላጭ፣ ፕላስተር አይነካውም። ስለ ዲዮድራንት ቀድሞ ፈጽሞ ይከለክሉ ነበር፤ ቆዳው እስካልተላጠ ድረስ ጉዳት እንደሌለው በጥናት ታይቷል፤ እናንተ ግን የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ። ማሳከኩ ሲበረታ ሐኪሙ የስቴሮይድ ቅባት አዘዘልኝ። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አይደለም።

በወረቀቱ ላይ ያልነበረው የቤታችን ነገር ነው። እንጀራ ስጋግር የምጣዱ ወላፈን የሚመታኝ ልክ ደረቴን ነው፤ ለዚያ ወር መጋገሩን ተውሁ። የቦርሳ ማንገቻ በዚያ ትከሻ አይያዝም። በታክሲ ስትሄዱ ሰው የማይገፋችሁን ጥግ ያዙ። ጡት መያዣዬ ውስጥ የምጠቀጥቀውን ጥጥም አውጥቼ፣ አንድ ጎኔ ጠፍጣፋ እንደሆነ ነጠላዬን ደርቤ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። በመጀመሪያው እሑድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። በኅብረታችን ሲጸለይልኝም ወንድሞች ዘይት ሊቀቡኝ ሲሉ «ግንባሬ ላይ ይሁንልኝ» አልኋቸው፤ ጌታ ቦታውን አይስተውም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልመለስ።

ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ባለቤቴ ደረቴን አላየውም ነበር። ልብስ የምቀይረው በልጆች ክፍል፣ በሩን ቆልፌ ነው። ጨረሩ ሲጀመር ደግሞ አንድ ሰው «ጨረር ወደ ልጆች ይተላለፋል» ብሎኝ ስለነበር ሳሎን ፍራሽ አንጥፌ መተኛት ጀመርሁ። የአራት ዓመቷ ልጄ ሌሊት ስትጠራኝ አባቷን እቀሰቅሳለሁ እንጂ አላቅፋትም። ማንንም አልጠየቅሁም። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ማለት ነው። (ጨረር አመንጪ ነገር ሰውነት ውስጥ የሚቀመጥባቸው ሌሎች ሕክምናዎች የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው።) ልጃችሁን እቀፉ፤ ከባለቤታችሁም ጋር ተኙ። እኔ ሦስት ሳምንት በከንቱ ፍራሽ ላይ አደርሁ።

በአራተኛው ሳምንት ብብቴ ሥር ቆዳው ተልጦ ማዠት ጀመረ። ልብሴ ይጣበቅበታል፤ ስስበው እንባዬ ይመጣል። በዚያው ሰሞን አብራን የምትጸልይ እህት «አንቺ እኮ ተፈውሰሻል፤ ይህ ማሽን አሁን የሚያቃጥለው ጤነኛውን ሥጋ ነው» አለችኝ። ሕመሙ ስለበረታብኝ ቃሏ ጣፈጠኝ። ሐሙስና ዓርብ ቀረሁ። ለባለቤቴ ግን ሄጄ መጣሁ አልሁት።

ዓርብ ማታ ሳፋ ውስጥ የዘፈዘፍሁትን ልብስ አየ። ወደ ሳሎን መጥቶ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠና «አሳዪኝ» አለኝ። «ነገ» አልሁት። «ዛሬ» አለ። መብራቱ እንደበራ ገለጥሁለት። የፈራሁት ያን ደረት ሲያይ ፊቱ እንዳይለወጥ ነበር። ተለወጠም፤ ግን በቁጣ ነው። «ይህን ብቻሽን ነው የያዝሽው?» አለኝ። ሁለት ቀን መቅረቴን ስነግረው ደግሞ ባሰበት፤ ተነሥቶ ወጣና በረንዳ ላይ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ለብ ያለ ውኃ በጆግ ይዞ ነበር። ያን ሌሊት ተቃቅፈን አለቀስን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እስከ እሑድ ብዙም አልተነጋገርንም።

ሰኞ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቁስሉን አይቶ የማይጣበቅ መሸፈኛና የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ፤ «ቆዳሽ እረፍት ካስፈለገው የምወስነው እኔ ነኝ፤ ያለ ምክንያት መቋረጥ ግን የሕክምናውን ኃይል ይቀንሳል» አለኝ። የቀሩት ሁለት ቀናት መጨረሻው ላይ ተጨመሩ። የካቲት 21፣ ከዓድዋ በዓል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጨረስሁ።

ስለዚያች እህት ብዙ አሰብሁ። አልተቀየምኋትም፤ ዛሬም አብረን እንጸልያለን። ነገር ግን ከሽማግሌዎቻችን አንዱ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን እንዳነብ ነገሩኝ። ንጉሥ ሕዝቅያስ በጸሎት 15 ዓመት ተጨምሮለታል፤ ይህንኑ የምሥራች ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ ብሎ አዝዟል። ነቢዩ አላፈረበትም። ሕክምና አቁሙ የሚል ቃል ከአፋችን ሲወጣ፣ በኋላ የሚመጣውን የምንሸከመው እኛ እንዳልሆንን ብናስብ መልካም ነው።

በመጨረሻው ቀን ቤታችን የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ማንም ያልነገረኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከጨረስሁ ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት ሲገባ፣ ቁስሉ ከሁሉም ቀን ባሰ። ካንሰሩ የተመለሰ መስሎኝ ሌሊቱን በሙሉ ነቅቼ አደርሁ። ነርሷ ስትሰማ «እንደዚያ ነው፤ ከማለቁ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ይብሳል» አለችኝ። አስቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት! እናንተ አስቀድማችሁ እወቁት። ትኩሳት ካለ፣ ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ግን ወደ ሐኪም በቶሎ መሄድ ነው። የእኔ በአራተኛው ሳምንት መድረቅ ጀመረ፤ ለፋሲካ ተዘግቶ ነበር።

ዛሬም ደረቴ ላይ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጥቁር ቦታ አለ፤ ከነበረው ብዙ ቀንሷል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ክንዴን በየቀኑ ካላንቀሳቀስሁት ወደ ላይ አልወጣ ይለኛል። ፀሐይ አላስነካውም። ያ ክንድ ካበጠ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ የማይድን ቁስል፣ እብጠት ወይም ሽፍታ ከወጣ ሳልቆይ እንድታይ ተነግሮኛል። ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ስሄድም ጨረር እንደ ወሰድሁ እናገራለሁ፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ ያንን ቆዳ እንደገና የሚያቆጡ መድኃኒቶች አሉና።

ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህን «ደኅና ነሽ?» ብለህ ብትጠይቃት «ደኅና ነኝ» ትልሃለች። እኔም ለሳምንታት እንደዚያ ስል ነበር።

ባለቤቴ አናጢ ነው፤ እጁ ሻካራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠባሳው ላይ ቅባት የሚቀባኝ እርሱ ነው። መጀመሪያ ጣቶቹ ስለቧጠጡኝ ጮኽሁበት፤ አሁን በእጁ ጀርባ መቀባት ለምዷል። ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው፤ የቀረውን እኔው ቀባሁትና መብራቱን አጠፋሁ።