ኤም ማን ናት? ቢስ የማን ናት?

«ዋይ ኢኩዋልስ ኤም ኤክስ ፕላስ ቢ።»

9ኛ ክፍልን ረግጦ ይህቺን ነገር በእንቅልፍ ልቡ ቢጠይቁት የማይመልስ የአገራችን ልጅ ያለ አይመስለንም። አረርቲ ያደግነው እኛም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘናታል። ኤም ምንድን ናት? ስሎፕ ናት። ስሎፕስ ምንድን ናት? ኤም ናት! ቢስ? ዋይ ኢንተርሴፕት! ዋይ ኢንተርሴፕትስ? ቢ! እንዲህ እየተሽከረከሩ ክፍል መዛወር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ተዛውሯል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ቃሉ አዲስ፣ ነገሩም አዲስ። ቃሉን ከያዘ ነገሩን የያዘ ይመስለዋል፤ አስተማሪውም እንደዚያው።

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ወፍጮ ቤት የተላከ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ለኪሎ 4 ብር ነው እንበል። 10 ኪሎ 40 ብር፣ 20 ኪሎ 80 ብር፣ ምንም ካላስፈጨህ ምንም አትከፍልም። ኪሎው በአንድ ሲጨምር ሒሳቡ በ4 ይጨምራል፤ ሁልጊዜ በ4፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ለሀብታምም ለድሃም። ኤም የተባለችው ይህቺው 4 ናት። ኪሎውን በአግድሙ መስመር፣ ብሩን በቋሚው መስመር ብታስቀምጥና ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ ብታገናኝ መስመሩ ከጥጉ፣ ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ቢ እዚህ ቤት የለችም። ወይም አለች፣ ዜሮ ሆና ነው።

ቢ የምትመጣው ገና ሥራው ሳይጀመር የሚከፈል ነገር ሲኖር ነው። ይህንን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳን መጽሐፍ ሳይሆን የጤፍ ገበያ ነው።

ለጥምቀት አገር ቤት በገባን ጊዜ የጎረቤት ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሒሳብ በቃኝ ብላለች። «ጋሼ፣ እኔ ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም፤ ትምህርቱንም ብተወው ይሻለኛል» ነው የምትለው። እናቷ ከማጀት ሆና ዝም ብላ ትሰማለች። በየቤቱ እንዲህ ብለው የቀሩ ልጆች ስንት እንደሆኑ ስለምናውቅ ነገሩ ቀልድ አልመሰለንም። በተለይ ሴት ልጅ «ሒሳብ አልገባኝም» ካለች ትምህርት ቤት እንድትመለስ የሚገፋፋት ሰው ብዙ አይገኝም፤ የሚያገባት ግን ይገኛል።

በዚያው ሰሞን አባቷ ጤፉን ወቅቶ ጨርሶ፣ እዚሁ አረርቲ ይሽጠው ወይስ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ይውሰደው እያለ ያወጣል ያወርዳል። (ምንጃር ሸንኮራን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ማኛ ጤፍና ሽምብራ አገር ነው። አረርቲ የሚባል የሽምብራ ዘር እንኳ አለ። ከተማ በስሟ ባቡር ጣቢያ ወይ ሆቴል ይሰየምላታል፤ የእኛዋ ሽምብራ ተሰየመላት። አንከፋም።) ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች አለስልሰን እንናገረው። እዚህ ኩንታሉ 12,000 ብር፣ እዚያ 12,600 ብር ነው እንበል። መኪናው ደግሞ ጭነቱ ትንሽም ይሁን ብዙ ለአንድ ጉዞ 4,200 ብር ይጠይቃል።

«አባባ፣ ስንት ኩንታል ቢሆን ነው መጫኑ የሚያዋጣው?» አልናቸው።

ሰውየው ወረቀትም እስክሪብቶም አልፈለጉም። «ከሰባት በታች ከሆነማ ምን አለፋኝ? ለባለ መኪናው ነው የምሠራው» አሉ።

ልጅቷን አየናት። እሷም አባቷን አየች።

ከዚያ በኋላ ከሰል አንስተን ባዶ ማዳበሪያ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር አሰመርን። አንደኛው የአረርቲው ነው፤ ከዜሮ ይነሳል፣ በእያንዳንዱ ኩንታል 12,000 ይወጣል። ሁለተኛው የአዲስ አበባው ነው። ገና አንድ ኩንታል ሳይሸጥ የመኪናው ሒሳብ አለበትና ከዜሮ በታች፣ ከነጌቲቭ 4,200 ይነሳል። ግን ዳገቱ ይበረታል፤ በእያንዳንዱ ኩንታል 12,600 ይወጣል። ከኋላ የተነሳው በየኩንታሉ 600 ብር እየበላ ይደርስበታል። 4,200ን ለ600 ስናካፍል 7። በሰባተኛው ኩንታል ላይ ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፤ በሁለቱም መንገድ 84,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ የአዲስ አበባው ከላይ ነው፤ ከዚያ በታች አረርቲ መቀመጥ ነው።

ልጅቷ «ቢ ማለት የመኪናው ናታ!» አለች። አዎ፣ የመኪናው ናት። ከዚያ በኋላ ደብተሯ ላይ ያለውን ጥያቄ ሁሉ «ይሄኛው መኪና ስንት ይላል? ኩንታሉስ ስንት ነው?» እያለች ትሠራው ጀመር። ነጌቲቭ ኤም ያለበት ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ኩንታል በጨመረ ቁጥር ብር የሚቀንስበት ገበያ የት አለ?

ለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት ነበረብን፤ በሐሳብ። ስሎፕ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሲሰማ ፈረንጅ የፈጠረው ነገር ይመስለዋል እንጂ፣ ዳገትና ቁልቁለትን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ስትራመድ ስንት ከፍ አልክ ወይም ስንት ወረድክ? በቃ፣ ይኸው ነው። ስትራመድ ከወጣህ ኤም ፖዘቲቭ፣ ከወረድህ ነጌቲቭ፣ ሜዳ ከሆነ ዜሮ። ገደል ከሆነ ግን ኤም የላትም። ወደ ቀኝ ሳትራመድ ስለወደቅህ በዜሮ ማካፈል ይመጣል፤ ሒሳብም ገደል ላይ እጁን ያነሳል።

ወደ ደጋ በወጣህ ቁጥር እንደሚበርድ ደግሞ ጋቢ የደረበ ሁሉ ያውቃል። በአማካይ ሲሰላ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። አረርቲ በግምት 1,800 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አረርቲ ላይ ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ቢ 25 ናት፤ ኤም ነጌቲቭ 0.65 ናት። አሥር ጊዜ መቶ ሜትር ስትወጣ 6.5 ዲግሪ ይወርድና ደብረ ብርሃን ላይ 18.5 ይሆናል። ነፋስና ደመና ያዛቡታል፤ መስመሩ ግን ጋቢውን ከቤት ይዞ ለመውጣት ይበቃል። መስመሩ ዜሮ ዲግሪን የሚነካው የት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ 25ን ለ0.65 አካፍለን ከአረርቲ 3,850 ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ማለትም ከባሕር ወለል 5,650 ሜትር ላይ ይደርሳል። ራስ ዳሸን እንኳ 4,500 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ቆሞ ዜሮ ዲግሪን የሚያገኝ ሰው የለም ማለት ነው። ቀመሩ ይህን የሚነግረን ማንም ተራራ ሳይወጣ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሥዕል መሥራት የዴካርት ነው እየተባለ ይነገረናል። ፈረንሳዊው ዴካርት ጂኦሜትሪውን ያሳተመው በ1637 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ነገር ግን ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ኒኮል ኦሬም የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ፣ ያውም ኋላ ጳጳስ የሆነ፣ ፍጥነት በጊዜ ውስጥ ሲጨምር በሥዕል ያሳይ ነበር። ለቄስ ትምህርት ቤት ልጆች የምንነግረው ጥሩ ዜና ነው።

አሁን ወደ ሚያመው ቦታ እንሂድ። ደመወዝ።

አረርቲ ላለ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የወረዳ ሠራተኛ ሁሉ በየወሩ ሊኒየር ፈንክሽን ይሠራበታል። በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው የሚይዘው ስጋት አንድ ነው፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። «ደመወዜ 9,800 ነው። 400 ብር ቢጨመርልኝ 10,200 ይሆንና ወደ 30 በመቶ እገባለሁ። ጭማሪው ጎዳኝ እኮ!»

እስኪ እንሥራው። ሰውየው እንዳሰበው 10,200 ብር በሙሉ 30 በመቶ ቢቆረጥበት ግብሩ 3,060 ብር ይሆናል፤ እጁ ላይ 7,140 ይቀራል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ እውነትም ጭማሪውን በሕግ አምላክ ማለት ነበረበት። ነገር ግን ሒሳብ ሹሟ ዘንድ ያለው ሰንጠረዥ ከመቶኛው ጎን ሌላ ዐምድ አለው፤ «ተቀናሽ» ይላል። 300፣ 500፣ 850፣ 1,350፣ 2,050። ብዙ ሰው ይህን ዐምድ የመንግሥት ቸርነት ወይም የጸሐፊው አስማት አድርጎ ያልፈዋል። ወዳጄ፣ ቢ እኮ ናት! ነጌቲቭ ሆና ነው እንጂ ራሷ ናት።

በ25 በመቶው ቤት ግብሩ ደመወዙ በ0.25 ተባዝቶ 850 ሲቀነስለት ነው። 9,800 ላይ 2,450 ሲቀነስ 850፣ 1,600 ብር። በ30 በመቶው ቤት ደግሞ 10,200 ላይ 3,060 ሲቀነስ 1,350፣ 1,710 ብር። ከጭማሪው በፊት 8,200 ይዞ ይገባ ነበር፤ ከጭማሪው በኋላ 8,490 ይዞ ይገባል (የጡረታውን መዋጮ ትተን ነው)። ከ400 ብሩ 110 ሄደ፣ 290 ቀረ። አልተጎዳም።

850 ከየት መጣች? የ20 በመቶው መስመር 7,000 ብር ላይ ሲደርስ ግብሩ 1,400 ሲቀነስ 500፣ 900 ብር ነው። አዲሱ የ25 በመቶ መስመር ከዚያችው ነጥብ መነሳት አለበት፤ አለዚያ 7,000 የሚያገኘውና 7,001 የሚያገኘው መካከል ገደል ይፈጠራል። የ7,000 25 በመቶ 1,750 ነው። 900 ላይ እንዲያርፍ 850 መውረድ አለበት። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ያልታመነ 14,000 ላይ ይሞክራት፣ በሁለቱም በኩል 2,850 ትመጣለች። ሰንጠረዡን ግራፍ ላይ ብታወርደው ጫፍ ለጫፍ የተያያዙ ስድስት ቀጥ ያሉ ቁራጮች ነው፤ የመጀመሪያው ሜዳ፣ ቀጣዮቹ እየበረቱ የሚሄዱ ዳገቶች። አንድም ቦታ ዝላይ የለም።

እኛ ብንጠየቅ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ከዚህ ይጀምር ነበር። የልጁ አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዝ ወረቀቱ፣ ገበሬ ከሆነ ከአይሱዙው። እንግሊዝኛው ይደርሳል።

ነገር ግን ሁሉን ነገር በማስመሪያ ልናስምረው ስንነሳ የሚመጣ ጣጣ አለ። ለረጅም ዘመን ለገበሬው ይነገር የነበረው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። የማዳበሪያው መጠን ከመሬቱ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል፣ ጥሩ ነው። ምርቱስ? አንዳንዱ ማዳበሪያ በእጥፍ ብጨምር ምርቱ በእጥፍ ይሆናል ይላል። አይሆንም። ዩሪያ የበዛበት ጤፍ ይለመልምና፣ ያገዳው አቅም ከራሱ ክብደት አንሶ፣ መሬት ላይ ይተኛል። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ይጎብጣል፤ የት እንደሚጎብጥ ደግሞ ቀመሩ አይነግርህም፣ ማሳው ነው የሚነግርህ።

ሌላም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2014 ዓ.ም. ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ሁለት ነጥብ አንድ መስመር ይወስናል፤ ይህ እውነት ነው። ኤም ነጌቲቭ 0.1 ናት። ያን ጊዜ በዚህ መስመር የተጓዘ ሰው በ2047 ዓ.ም. አንድም የሚያልፍ ልጅ አይኖርም ብሎ ሊተነብይ ይችል ነበር፤ ሻይ ቤት ውስጥም በቁጥር ሳይሆን በአነጋገር የተነበዩ ነበሩ። መስመሩ ለ2016 ዓ.ም. 3.1 ይላል። የመጣው 5.4 ሆነ። ሁለት ነጥብ መስመር ይሰጥሃል እንጂ ነገሩ በመስመር የሚሄድ ስለመሆኑ ዋስ አይሆንህም፤ ቢያንስ ሦስተኛ ነጥብ መጠበቅ ነበረባቸው።

ልጅቷ ይህን ስንነግራት አልሳቀችም። ሦስት ዓመት ቆይታ እሷ ራሷ የምትፈተነው ነው። «እኔ የምፈተንበት ዓመት ኤክስ ላይ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ 2014ን ዜሮ አድርገን እንድትቆጥር ነገርናት። ቆጠረች። ማዳበሪያው ጀርባ ላይ በከሰሉ ነጥብ ልታደርግ ስትል እጇን ወደ ላይ አነሳች ወደ ታች አወረደች፣ ከዚያ ከሰሉን አስቀመጠችና ወደ ልምምድ ጥያቄዋ ተመለሰች። አባቷ በማግስቱ ዘጠኝ ኩንታል ጫኑ።