ምንነትን ማየት፣ ማንነትን ማወቅ

ፖለቲካ እንደምትጠብቁብኝ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ይዤላችሁ የቀረብሁት የአንዲት የእጅ መነጽር ወሬ ነው። ታገሡኝ፤ ፖለቲካው ራሱ መንገዱን ፈልጎ ይመጣል። በአገራችን ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ የለምና።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በመስከረም ማለቂያ አጎቴ ከጭሮ በደወሉልኝ ጊዜ ነው። (ለእኔ እስከ ዛሬ ድረስ አሰበ ተፈሪ ማለቱ ይቀናኛል፤ ያደግሁት በዚያ ስም ነውና።) አጎቴ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ በዴሳና ገለምሶ በሚወስደው መንገድ፣ ማሽላና ጫት የሚያበቅሉበት ማሳ አላቸው። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «የዱር አሳማው ማሽላዬን ጨረሰው። በጨለማ የሚያሳይ መነጽር አለ ይላሉ። ዶክተርነትህ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ከአውሬ ጋር የሚዋጋው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ቀን ዝንጀሮውን ልጆች በወንጭፍና በጩኸት ያባርራሉ። ሲመሽ ደግሞ ተራው የአሳማና የጃርት ይሆናል፤ ሰውም ማማ ላይ ወጥቶ ያድራል። አጎቴ ፈቃድ ያላት አሮጌ ምንሽር አለቻቸው። ሆኖም ምንሽር መያዝ አደን ለመውጣት አያበቃም፤ በአዋጅ መሠረት አደን የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ስነግራቸው «አሳማው አዋጁን አንብቦታል ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያው አካባቢ የኩኒ ሙክታር ተራሮች አሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም ለማይገኘው የደጋ አጋዘን መጠለያ ተብለው የተከለሉ ናቸው። ይህ አጋዘን በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ያጣው ዱር ምን እንደ ደረሰበት የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ጥይትና መጥረቢያ ተባብረውበታል። እንግዲህ በጨለማ የሚያሳይ መሣሪያ ለገበሬው ማሳ መድኅን ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ በሕገ ወጥ አዳኝ እጅ ሲገባ ለዱሩ የመጨረሻ መቅሠፍት ሊሆን ይችላል። ይህን በልቤ ይዤ ነው ፍለጋውን የጀመርሁት።

በጨለማ የሚያሳዩ መነጽሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የከዋክብትንና የጨረቃን ጥቂት ብርሃን አብዝቶ ያሳያል፤ ጭራሽ ብርሃን ከሌለ ግን የራሱን መብራት ይፈልጋል። ሁለተኛው ቴርማል የሚባለው ነው። ብርሃን አይሻም፤ እያንዳንዱ አካል በሙቀቱ ምክንያት የሚያወጣውን፣ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ይቀበላል። ይህን ጨረር ዊልያም ኸርሽል በ1800 እ.ኤ.አ. በቴርሞሜትር ነበር ያገኘው፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ በምትገባ ዕቃ እንመለከተዋለን። የሚያስገርመው ጨረሩ ተራ መስታወት አያልፍም፤ ስለዚህ የመነጽሩ ሌንስ ከጀርማኒየም ይሠራል፤ በመኪና መስኮት ማዶም ምንም አያሳይም። የማሽላ ቅጠልንም አያልፍም።

የሒሳቡን ነገር ያስረዳኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። ገበያ ላይ ከተለመዱት መካከል 384 በ288 ፒክስል የሆነ፣ የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 12 ማይክሮን የሆነና 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው አንዱ ነው። በዚህ መነጽር አንዱ ፒክስል በ100 ሜትር ርቀት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የሚታየውም ስፋት 18 ሜትር ገደማ ነው። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሩቁ ይቀርባል፤ ነገር ግን የሚታየው ስፋት በግማሽ ይጠባል፣ ዕቃውም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወጣል። የጭሮ ማሳ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ተዳፋት ላይ በእርከን የተደረደረ። ለእንዲህ ያለው ቦታ ሩቅ አሳቢው ሳይሆን ሰፊ ተመልካቹ ይሻላል።

ሌላው የሙቀትን ልዩነት የመለየት ችሎታ ነው፤ በሚሊ ኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መሣሪያው የተሻለ ነው። ጉም በሚበዛበት የኩኒ ደጋ ይህ ከፒክስሉ ብዛት ያላነሰ ዋጋ አለው። በሰከንድ 9 ምስል ብቻ የሚያሳዩም አሉ። ይህም የቴክኒክ ድክመት ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ከዚህ በላይ በሚፈጥኑት ላይ ስለሚጠብቅ ነው። (ፖለቲካው መጣ አላልኋችሁም?) የሚሮጥ አሳማ በ9 ምስል ሲታይ እየዘለለ ይጠፋል። ዋጋውም ደኅና ለሚባለው ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለአንድ መምህር ምን ማለት እንደ ሆነ አስሉት።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ርቀት ነው። «ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳያል» ይላል፤ ውሸት አይደለም። ግን ምኑን ነው የሚያሳየው? ጆን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ማየትን በደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያ አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ፤ ቀጥሎ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ መለየት፤ በመጨረሻም በትክክል የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ። በእኛ ቋንቋ መኖሩን፣ ምንነቱንና ማንነቱን ብንላቸው ያስኬዳል። ለመጀመሪያው 2 ፒክስል ይበቃል፤ ለሁለተኛው 8 ያህል፣ ለሦስተኛው 13 ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም ግማሽ በግማሽ ለሆነ ዕድል። 65 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አሳማ በዚያ መነጽር ከ600 ሜትር በላይ ርቆ መኖሩ ይታወቃል። ምንነቱ የሚለየው ግን 170 ሜትር ገደማ ሲቀርብ ነው፤ በእርግጥ እርሱ መሆኑ የሚታወቀው 100 ሜትር ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ይህን ሒሳብ በወረቀት አውቄው ነበር። የገባኝ ግን ማማው ላይ ነው። በጥቅምት አንድ መነጽር ከወዳጅ ተውሼ ወደ አጎቴ ዘንድ ወረድሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የእርከኑ ድንጋይ ሁሉ የቀኑን ፀሐይ ይዞ እንደ ፍም ነጭ ሆኖ ይታይ ስለ ነበር ምንም መለየት አልቻልንም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ድንጋዩ በረደ፣ ጨለማውም ጠራ። በማሳው ዳር፣ 300 ሜትር ያህል ርቆ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች። ዝቅ ያለች፣ ክብ፣ የማትንቀሳቀስ። የአጎቴ ልጅ ከእጄ ተቀብሎ አየና «አሳማው ነው፣ አባባ!» ብሎ አንሾካሾከ። አጎቴ ምንሽሯን አነሡ፤ እኔ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ» አልሁ። ጥበብ ሆኖልኝ አይደለም፤ መነጽሩን መልሼ ማስተካከል ፈልጌ ነበር።

ነጥቧ ተነሥታ በሁለት እግሯ ቆመች። የጎረቤት ልጅ ነበር። የጠፋች ፍየል ሲፈልግ እሾህ ወግቶት፣ ሊነቅል ቁጢጥ ብሎ ነበር። ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆን ነው። አጎቴ ምንሽሯን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በኋላ ባሰላው ልጁ በመነጽሩ ውስጥ የነበረው ከፍታ አምስት ፒክስል ያህል ነበር፤ አሳማም ቢሆን ያው አምስት። መነጽሩ አልዋሸም። አንድ ትኩስ ነገር አለ አለ፤ አሳማ ያልነው እኛ ነን።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2021 የዓለም ኃያል ጦር በካቡል አንድ መኪና ለስምንት ሰዓታት ያህል ከሰማይ ሲከታተል ውሎ በድሮን መታው። 10 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ ሰባቱ ሕፃናት ነበሩ። ፈንጂ የተባለው የውኃ ጀሪካን ነበር፤ ስሕተቱንም ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ አመኑ። እዚያ የጎደለው ፒክስል አልነበረም። አስቀድመው ሊያዩ የፈለጉትን ነው ያዩት።

ሩቅ መሄድስ ምን ያስፈልጋል? በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች ተገድለዋል። አብረው የኖሩ፣ የተጋቡ፣ በአንድ ገበያ የተገበያዩ ነበሩ። ገዳይ ሟቹን በቀን ብርሃን፣ በአምስት እርምጃ ርቀት አይቶታል። ግን ያየው ምኑን ነው? «የእነ እገሌ ወገን» መሆኑን። ስሙን፣ ሙያውን፣ የማን አባት እንደ ሆነ አላየም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ማንነት፣ ማንነት» ስንል ኖረናል። የጆንሰንን ደረጃ ይዤ ስመለከተው ግን ማንነት ያልነው ምንነት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመን ሦስተኛውን የደረስንበት መስሎናል። ምላጭ ለመሳብ ደግሞ ይህ ይበቃል ብለን አምነናል።

መነጽሩን በስተመጨረሻ ገዛንላቸው፤ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩን፣ ወንድሞች ተዋጥተን። አጎቴ ግን የራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ መነጽር የያዘ ሰው ጠመንጃ አይዝም። ትኩስ ነገር ሲታይ አስቀድሞ «ማነህ?» ተብሎ ይጮኻል። ሰው ከሆነ ይመልሳል፤ አሳማ ከሆነ ይሸሻል፤ በሁለቱም ማሽላው ይተርፋል። ምንሽሯ ከጥቅምት ወዲህ ከቤት አልወጣችም።

«ማነህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ከመነጽሩ ሁሉ ርካሹ ነው። ይህን የተማርሁት ዶክተሩ እኔ ከገበሬው አጎቴ ነው።

ቸር ይግጠመን።