ግድቡ ፈረሰ የተባለ ሌሊት

የተወለድሁት አሰንዳቦ ነው። የግልገል ጊቤ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ የጡት ልጅ ነበርሁ። ስለዚህ «ግድቡና እኔ እኩዮች ነን» እያልሁ ለጓደኞቼ እቀልዳለሁ። ከቀልዱ ሥር ግን የማያስቅ ነገር አለ፤ ዛሬ ለአንባቢ ላካፍለው የወደድሁት እርሱን ነው።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በነሐሴ ወር፥ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ወረደ። በሦስተኛው ሌሊት አንድ ሰው የሰፈራችንን በር ሁሉ እየደበደበ «ግድቡ ፈረሰ! ውሃው መጣ!» እያለ ጮኸ። ሰውየው ማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቴ ታናሽ እኅቴን በጋቢ ጠቅልሎ ተሸከመ፤ እናቴ ኩራዙን ያዘች፤ እኔም አያቴን በክንዳቸው ደግፌ ሁላችን ወደ ዳገቱ ሮጥን። ጭቃው ያንሸራትት ነበርና አያቴ ወደቁ፤ እግራቸው ተሰበረ። ከዋርካው ሥር ተጠግተን የውሃውን ድምፅ ስንጠብቅ ነጋ። ውሃ አልመጣም። ግድቡም እንደ ቆመ ነበር። አያቴ ግን ወጌሻ ቢያሻቸውም ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ይህን ታሪክ ለአንድ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኛዬ ምሳ ስንበላ አጫወትሁት። ያዝንልኛል ብዬ ስጠብቅ «ቆይ እስቲ፥ አሰንዳቦ ከግድቡ በላይ ናት ወይስ በታች?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። «እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ» ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ፤ እርሱ ግን ደብተሩን አውጥቶ የወንዙን መሥመር ሣለልኝ። ወንዙ በአሰንዳቦ አጠገብ አልፎ ወደ ሰው ሠራሹ ሐይቅ ይገባል፤ ግድቡ ያለው ከሐይቁ በታች በኩል ነው። «ግድቡ በእውነት ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከእናንተ ይርቅ ነበር እንጂ ወደ እናንተ አይመጣም ነበር» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ልነግርህ አልችልም። አያቴ አካለ ስንኩል የሆኑት ወደ ሌላ አቅጣጫ ከሚሄድ ውሃ ሲሸሹ ነው! አንድ ሰው በአንድ ወረቀትና በአንድ እርሳስ፥ በአምስት ደቂቃ ሊያስረዳን የሚችለውን ነገር ባለማወቃችን ነው።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬን በጥያቄ አሰለቸሁት። ስሙ ግልገል ቢሆንም ግድቡ ግልገል አይደለም፤ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ነው፤ ውሃው ከ9 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ዋሻ ወርዶ ከመሬት በታች ያሉትን መኪናዎች እያዞረ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። አካሉ የድንጋይ ክምር ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ዋና ጠላቱ በአናቱ ላይ የሚያልፍ ውሃ ነው፤ ውሃ በጀርባው ከወረደ ክምሩን እየሸረሸረ ይንደዋልና። የትርፍ ውሃ መውጫ የሚሠራለትም ስለዚህ ነው። ደግሞም ከግድብ ሥር ጥቂት ውሃ ቢያዠ ብቻውን አያስደነግጥም፤ መጠኑ በድንገት ከጨመረ ወይም ደፍርሶ ከመጣ ግን ውስጡን እየበላው ሊሆን ይችላል። ይህን በየጊዜው የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ስጽፍ የእኛ ግድብ ደካማ ነው ለማለት አይደለም። ለዚያ ማስረጃ የለኝም። የምለው፥ የግድብ ደኅንነት በድንጋዩና በመሐንዲሱ ብቻ አያልቅም ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ የጻፈ የሀገሩ መሐንዲስ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን አንዱ «ውጡ» ሌላው «ከቤት አትውጡ» የሚል ትእዛዝ ይሰጥ ስለ ነበር ሕዝቡ ማንን እንደሚሰማ አላወቀም። በሀገራችንም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ስለ ከሰም ግድብ ሠግቶ ነበር። ሥጋት ሲመጣ የቱ ከፍታ እንደሚያድን፥ የማን ድምፅ እንደሚታመን መማር አይቻልም። ይህ የሚጠናው በበጋ ነው።

እኛ ከግድቡ በላይ ያለን ሰዎችም ከነገሩ ነፃ አይደለንም። ወንዙ ወደ ሐይቁ ሳይገባ ከሚለካባቸው ቦታዎች አንዱ አሰንዳቦ ነው። ከኮረብቶቻችን የሚታጠበው አፈር በሐይቁ ውስጥ እየተኛ የውሃውን ቦታ ይይዛል። ተዳፋቱን ያለ እርከን ያረሰ ገበሬ ከሌላው ሰው ግድብ ላይ አፈር እየጫነ ነው፤ ይህን የነገረው ግን የለም።

ባለፈው ዕረፍት ወደ አገሬ ስሄድ ጓደኛዬ የሣለውን ሥዕል በአያቴ ምርኩዝ በደጃችን አፈር ላይ መልሼ ሣልሁት። ወንዙን፥ ከተማችንን፥ ሐይቁን፥ ግድቡን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ይናደዳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ብዙ ዝም ብለው ቆዩና ጣታቸውን ከግድቡ በታች ባለው ባዶ አፈር ላይ አኑረው «ልጄ፥ ታዲያ እዚህ ላሉት ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በመጪው ክረምት ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሥዕል የሚያውቁ፥ ከእኛ ፋኩልቲ ኦሮምኛ አሳምረው የሚናገሩ ጥቂት ተማሪዎች አብረን ከወንዙ በታች ወዳሉት መንደሮች እንድንሄድ አሳብ አቀርባለሁ። የሚሳተፍ ካለ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ይተውልኝ። የእኔ ስም ተመዝግቧል።