የአባቴ የክርስትና ስም

አላምንም። ይህን ቃል ጮክ ብዬ የተናገርሁት በሦስት ሰዎች ፊት ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ እናቴ ናት። የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አስቀምጣ ጥቂት ዝም አለችና፣ ‹‹ለአባትህ አትንገረው›› አለችኝ።

አልነገርሁትም። ባለፈው መስከረም ሞተ።

ለአርባው ተዝካር ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ በደብረ ብርሃን አልፌ መሐል ሜዳ ገባሁ፤ ከዚያም ወደ ጓሳው ዳር፣ ወደ አጥቢያችን። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ በሌሊት ጫማ አውልቆ ቅዳሴ መቆም ለአማኝም ፈተና ነው። እኔ ደግሞ ብርዱን መሥዋዕት አድርጌ የማቀርብለት የለኝም።

‹‹ካላመንህ ለምን ትሄዳለህ?›› ይለኛል ከተማ ያደገ አንድ ወዳጄ። ለእርሱ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ቤት ብቻ ናት። በመንዝ ግን የጓሳው ሣር፣ ማለትም ክዳናችን፣ ገመዳችን፣ ገሣችን፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ለዓመታት መዘጋቱ የሚታወጀው ሐምሌ 5 ቀን፣ ለሐዋርያት በዓል ሕዝቡ በተሰበሰበበት ነበር። ሣር እንኳ በበዓል ቀን በሚዘጋበት አገር፣ ‹‹እኔ ከዚህ ውጭ ነኝ›› የሚል ሰው የት ላይ ይቆማል? (የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ውጤትም ሃይማኖትን ሲዘረዝር ለእኔ ቢጤ ከ‹ሌሎች› የተለየ ረድፍ የለውም።)

ስለዚህ በወንዶች ወገን ጧፍ ይዤ እቆማለሁ። ሰው ሲሰግድ እሰግዳለሁ፤ ብቻዬን ቀጥ ብሎ መታየት ትዕቢት ይመስለኛል። አልቆርብም። እርሱ ድንበሬ ነው፤ ሌላው እየተንቀጠቀጠ የሚቀበለውን እኔ ለይሉኝታ አልቀበለውም።

ያን ዕለት ለተዝካሩ ከሌላ ደብር የተጠሩ አንድ ቄስ ወደ እኔ ቀረቡና፣ ‹‹ልጄ፣ የአባትህ የክርስትና ስም ማን ነው?›› አሉኝ። በጸሎቱ ሊያነሡት ነው።

አፌ ተሳሰረ። በባንክ መስኮት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ከነአያቱ የምጽፍ ሰው፣ የአባቴን አላውቀውም ነበር። እኔ የማውቀው የዓለም ስሙን፣ በመታወቂያው ላይ ያለውን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም የነገረኝ መስሎት ይሆናል።

እናቴ ከሴቶች ወገን ነጠላዋን ሰብስባ መጣች። ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝና፣ ‹‹አንተ ንገራቸው›› ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ነገርኋቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ስም በካህኑ ዜማ መካከል ተነሥቶ አለፈ። ዐዲስ ሰው የተዋወቅሁ መሰለኝ፤ በተዋወቅሁበት ሰዓት የተለየኝ ሰው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ስለ አባቴ ግጥም ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ቀድጃለሁ፤ ያ አንድ ቃል የእኔን ስንኞች ሁሉ አሳፈረብኝ።

ከቤት ሰው ዳቦና ጠላ ሲቀርብለት፣ እናቴ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

‹‹የራስህንስ ታስታውሰዋለህ?››

‹‹አስታውሰዋለሁ፣ እማዬ።››

‹‹እንግዲያ ለልጅህ ንገራት›› አለችኝ፤ ጠላውንም ልትቀዳ ተነሣች።