ነዳጁ የቀረበት ማዕቀብ

በጃንዋሪ 2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ በምሳ ሰዓት አንድ ወረቀት አደለችን። ዘፋኟ ሴናተር ፍራንሲስ ብላክ ለአየርላንድ የላይኛው ምክር ቤት ስላቀረቡት ረቂቅ ሕግ የሚያብራራ ነበር። በወረራ በተያዘ መሬት ላይ በሕገ ወጥ መንገድ ከተቆረቆሩ ሰፈራዎች የሚመጣ ዕቃ አየርላንድ እንዳይገባ፣ አስገብቶ የተገኘም በወንጀል እንዲጠየቅ ይላል። ረቂቁ የሚናገረው በጥቅሉ ስለ ተያዙ ግዛቶች ቢሆንም፣ የሁላችንም ሐሳብ የሄደው ወደ ዌስት ባንክና ወደ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ነው።

ተወካያችን ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ብዙ አላወራችም። የነገረችን የሜሪ ማኒንግን ታሪክ ነው። በጁላይ 1984 ደብሊን ውስጥ የደንስ ስቶርስ ገንዘብ ተቀባይ የነበረችው ይህች ወጣት፣ ማኅበሯ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ዕቃ አትሽጡ ብሎ ስለወሰነ ለአንዲት ደንበኛ ግሬፕፍሩት አልሸጥም አለች። ከሥራ ታገደች። ጥቂት ባልደረቦቿ ተከትለዋት ወጡ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በዝናብ በብርድ በር ላይ ቆሙ። በ1987 የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካን አትክልትና ፍራፍሬ ከለከለ። «ሕግ እዚህ አገር ከገንዘብ መቀበያ ማሽን ጀርባም ይጀምራል» አለችን። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦኮኔል ጎዳና ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን ፊርማ ማሰባሰብ ያዝን። አየርላንዳውያን ስለ ወረራ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቁህም፤ ራሳቸው የኖሩበት ነገር ነው። ያስቸገሩኝ የራሴ ሰዎች ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ይዤ ስዞር፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የታሪክ መምህር ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምን አገባህ? ኢየሩሳሌም ያለውን ገዳማችንን፣ ዴር ሱልጣንን፣ ማን አስጠበቀልን? በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ቁልፉ እጃችን የገባው በማን ነው?»

እስራኤልን ማለታቸው ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኢየሩሳሌም ለሚሳለም ሕዝብ ደግሞ ጨርሶ ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ ረቂቁ የሃይፋንና የቴል አቪቭን ዕቃ አይነካም፤ እንደ ድሮው ይገባል። የሚከለከለው በ1967 በተያዘው መሬት ላይ ካሉት ሰፈራዎች የሚመጣው ነው። ዴር ሱልጣንስ ራሱ ያለው እዚያው በተያዘው ክፍል አይደል?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና ወደ ሌላ ወሰዱኝ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከስድስት ዓመት ሙግት በኋላ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን፣ በፕሬዝዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ወደቀ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። «ያኔ እኛንም ምን አገባችሁ ነው ያሉን» አሉና ሳቁ። ያው ፍርድ ቤት ግን በ1971 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ አገሮች ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ ያላትን ይዞታ የሚያጠናክር የኢኮኖሚ ግንኙነት እንዳያደርጉ አለ። ስለ ንግድ የምንከራከርበት መሠረት ይኸው ነው፤ አንዱን ድንጋይ ያኖረችው ደግሞ አገራችን ናት።

ጋሼ ፈረሙ። እስክሪብቶውን ሲመልሱልኝ «ነዳጁን እንዳትረሱ» አሉኝ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። በኖቬምበር 1935 የመንግሥታቱ ማኅበር ኢትዮጵያን በወረረችው ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል የጦር መሣሪያ፣ ብድርና ከጣሊያን የሚመጣ ዕቃ ተከለከለ፤ ነዳጅ ግን አልተነካም፣ የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር። የዴ ቫሌራ መንግሥት እዚህ ደብሊን፣ «ካቶሊካዊቷን ጣሊያን?» የሚለውን ጫጫታ ችሎ ማዕቀቡን በሕግ ተቀብሏል። ይህን አየርላንዳውያን ጓደኞቼ አያውቁትም ነበር፤ ስነግራቸው ደስ አላቸው። በጁላይ 1936 ማዕቀቡ ሁሉ ተነሣ። አዲስ አበባ የተያዘችው በሜይ ነበር።

የምክር ቤት አባላት መራጮቻቸውን የሚያነጋግሩበት ቀን አላቸው። ዜግነት ስለነበረኝ፣ ድምፅም ስለምሰጥ፣ ወደ አካባቢዬ ተመራጭ ቢሮ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሻይ አስመጡልኝ። ልባቸው ከእኛ ጋር ቢሆንም የንግድ ፖሊሲ የብራስልስ ሥልጣን ስለሆነ እጃቸው መታሰሩን ነገሩኝ። ማኅበራችን መልሱን አስጠንቶን ነበር፦ የአውሮፓ ኅብረት የገቢ ንግድ ደንብ ራሱ አባል አገሮች ለሕዝባዊ ሥነ ምግባርና ለሕዝባዊ ሥርዓት ሲሉ ዕቃ እንዲገድቡ በር ከፍቷል። በዚያ ላይ ሩሲያ ክሪሚያን በያዘች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁን 2014፣ ኅብረቱ የክሪሚያን ዕቃ ከልክሏል።

«ክሪሚያ ሌላ ነው» አሉ።

«በምን?»

ሰዓታቸውን አዩ።

ጁላይ 11 ቀን 2018 የላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ምክር ቤቱ ባለበት ኪልዴር ጎዳና ላይ ነበርን። በዚያ በጋ አየርላንድ ደርቃ፣ አትክልት በጎማ ማጠጣት እንኳ ተከልክሎ ነበር። 25 ለ 20 አለፈ። ሰው ተቃቀፈ። በዲሴምበር ምክር ቤቱ ሕጉን ጨርሶ አጸደቀው፤ በጃንዋሪ 2019 የታችኛው ምክር ቤት በመርሕ ደረጃ በ78 ለ45 ደገፈው። የመንግሥት ፓርቲ ተቃውሞ ሳለ ይህን ያህል ድምፅ መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቆመ። በአየርላንድ ሕገ መንግሥት የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስወጣ ረቂቅ ያለ መንግሥት የድጋፍ ደብዳቤ ወደፊት አይሄድም። ደብዳቤው አልመጣም። ሁለት ምክር ቤት ያሸነፈ ሐሳብ በአንድ ደብዳቤ እጦት ዓመታት ተቀመጠ፤ ጠረጴዛችንም ሰው እየሳሳበት ሄደ።

የቀሰቀሰው ዘ ሄግ ነው። በጁላይ 2024 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የእስራኤል ይዞታ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ አገሮችም ይዞታውን ከሚያጠናክር የኢኮኖሚና የንግድ ግንኙነት እንዲታቀቡ አስታወቀ። የ1971ዱ የናሚቢያ ቋንቋ ነው። በመከሩ የአየርላንድ መንግሥት የሕግ ምክር ተለወጠ፤ በጁን 2025 መንግሥት የራሱን ረቂቅ አወጣ።

ረቂቁ የሚከለክለው ዕቃ ብቻ ነው። ከሰፈራዎቹ ወደ አየርላንድ የገባው ዕቃ ደግሞ ከ2020 እስከ 2024 ተደምሮ ከ700 ሺህ ዩሮ በታች ነው፤ ተምሩን፣ ወይን ጠጁን አስበው። ሰፈራ ውስጥ ማረፊያ ቤት የሚያከራየው የቱሪዝም ድርጅት፣ ሶፍትዌሩ፣ የገንዘብ አገልግሎቱ ውጭ ቀሩ። የምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ምስክሮችን ሰምቶ በጁላይ አገልግሎትም ይካተት ሲል መከረ። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ዕቃና አገልግሎት ብሎ አልለየም። አገልግሎት የቀረበት ይህ ረቂቅ ለእኔ ነዳጅ የቀረበት ማዕቀብ ነው።

ደብሊን፣ ኮርክ፣ ጎልዌይ ያላችሁ፣ ዜግነት አግኝታችሁ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቼ፦ የተመራጫችሁን ቢሮ አንኳኩ። ሻይ ይቀርብላችኋል። ጠጡና «አገልግሎቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ።