ያጠራሁት ዳዊት

ከብራና ላይ እድፍ ማጥፋት በፎቶሾፕ ቀላል ነው። ከንጹሑ ቆዳ ትንሽ ይቀዳል፣ በቆሸሸው ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። በዚህ ሥራ እጄ ፈጣን ነው፤ ስመሰገንበት የኖርኩት በእሱ ነው፤ የምናዘዘውም በእሱ ነው።

መጽሐፉ ዳዊት ነበር፣ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ንብረት። አንድ አሳታሚ ፎቶ ተነሥቶ፣ መልኩን እንደያዘ በጥሩ ወረቀት እንዲታተም ፈለገ። ከጸሐፊው እጅ ላይ የኮምፒውተር ፎንት እንድቀርጽም ተስማማን። መሪጌታው ከማኅደሩ አውጥተው ሲሰጡኝ እጄን እንድታጠብ ብቻ ነገሩኝ። ታጠብኩ፤ ፎቶውንም በደንብ አነሣሁ።

ጥፋቱ የመጣው ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዓይኔ የሚፈልገው የሐረጉን ጌጥ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ቀለም፣ የቁም ጽሕፈቱን ወፍራም ፊደል ነበር። ሌላው ሁሉ ለእኔ ቆሻሻ ነው። የጧፍ ጠብታውን አነሣሁ። በየህዳጉ በወስፌ የተበሱትን ቀዳዳዎች ደፈንኩ፤ ጸሐፊው መስመሩን ያሰመረው ከእነሱ ተነሥቶ መሆኑን እያወቅሁ። አንዳንድ ገጽ ላይ ቆዳው በቢላዋ ተፍቆ ሻክሯል። የብራና መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ በጸሎቱ መካከል ያለው የባለቤቱ ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል፤ የተለመደ ነው። እዚያም የፊተኛው ስም ጭረት በስሱ ይታይ ነበር፤ ትንሽ ቢታገሉት የሚነበብ። እኔ አለሰለስኩት። ፋቂው ያልጨረሰውን ጨረስኩለት ማለት ነው።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን የገጾቹ ጥግ ነው። ዳዊት ሲባል መዝሙሩ ብቻ አይደለም፤ ከ151ዱ መዝሙር በኋላ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። በዚህ መጽሐፍ ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደረስ የታችኛው ጥግ ይጠቁራል። የእጅ ወዝ የጠጣ ቆዳ ነው፤ ስንት አውራ ጣት እንደገለጠው እግዜር ይወቀው። መኃልየ መኃልይ ጋ ደግሞ ጥጉ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ አገር ሰዎች የትኛውን ጸሎት አዘውትረው ይደግሙ እንደነበር በጽሑፍ የመዘገበ የለም፤ መዝገቡ ያ ጥቁረት ነበር። ሁሉንም አንድ ዓይነት ክሬም ቀለም አለበስኩት።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የመቅዳት አንድ ትልቅ ሥራ ሲጀመር ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ ለመለየት ዓይን ይደክማል። ሆኖም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው ካታሎጉን ሲያዘጋጁ በየህዳጉ የተጻፈውን የመሬት ስጦታና የባለቤቶች ስም ጭምር መዝግበዋል፤ የቀረጹት ሰዎች ያገኙትን እንዳለ ስላስተላለፉላቸው። እኔ ካሜራዬ የቆዳውን ቀዳዳ ሳይቀር የሚያሳይ ሆኖ የእነሱን ያህል እንኳ አላስቀረሁም።

ስለ ፎንቱ ብዙ አልልም። ከገጹ ላይ ያማረ አንድ «ለ» መርጬ ጠርዙን ተከትዬ ቀረጽኩ፤ መቃው እንዴት ተይዞ ከየት ወደ የት እንደሄደ አልጠየቅሁም። በደንብ ተሸጠ። በቀይ የሚጻፈው አርእስትና የቅዱሳን ስም መሆኑን ረስቼ በዚያው ፎንት በሠራሁት የሠርግ ጥሪ ላይ የአዳራሹን ስም በቀይ አደመቅሁት። ማንም አልተቆጣም፤ ምግቡ ጥሩ ነበር አሉ።

መጽሐፉ ሲታተም አንድ ቅጂ ይዤ ወደ መሪጌታው ሄድኩ። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አመሰገኑ። ከዚያ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ሄዱና አንድ ባዶ ህዳግ ላይ ቆሙ።

«እዚህ የነበረውስ?»

ለቤተ ክርስቲያኑ መሬት የሰጡ ሰዎች ስም ነበር፤ በሌላ እጅ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ በአማርኛ።

«የኔታ፣ እድፍ መስሎኝ ነው» አልኩ።

«ይሁን ልጄ፤ መጽሐፉ አለ አይደል» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

አልመሰለኝም። ጽሑፍ መሆኑን አውቅ ነበር። የጀመረው ከሐረጉ ሥር ስለሆነ ገጹን አጨናነቀብኝ፤ ያጠፋሁት ለዚህ ነው።

እውነት ነው፣ መጽሐፉ አለ። ነገር ግን እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የገባው የእኔው ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ይህ ዳዊት የህዳግ ጽሑፍ የለውም ብሎ ጽፏል። ዋናዎቹን ፎቶዎች ልልክለት አልቻልኩም፤ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላብኝ ያጠራኋቸውን በላያቸው ሴቭ አድርጌያለሁ። ዛሬ ጥሬውን ፋይል ሳላስቀምጥ ሥራ አልጀምርም፤ ለዚያ ዳዊት ግን አልደረሰለትም።

ለተማሪው ደውዬ የሆነውን ነግሬዋለሁ፤ እንደሚያርመው ቃል ገብቷል። አሳታሚው ስለ ጎደለው ነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ እንዲጨምር ጠይቄ፣ ሁለተኛ እትም ካለ እናያለን ብሎኛል። እንደገና ፎቶ ለማንሣት የመሪጌታውን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብኛል። ያን ለመጠየቅ ደግሞ በፊት «እድፍ መስሎኝ ነው» ያልኳቸውን ማረም አለብኝ። እሱን ገና አልነገርኳቸውም።